ትልልቅ ፋይል ለሚያመላልስ ትንሽ ቢሮ፦ ጥያቄና መልስ

ጎንደር ውስጥ ቪዲዮ ቤት፣ ፎቶ ቤትና የዲዛይን ቢሮ ያላችሁ ስለ ኔትወርክ ብዙ ጠይቃችኋል። እንደየአመጣጣቸው ልመልስ።

ጥያቄ፦ ፒያሳ የሰርግ ቪዲዮ ቤት አለን። የአንድ ሰርግ ቀረጻ 40 ጊጋ ባይት ይሆናል። ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ይፈጃል። የኢንተርኔት ፓኬጁን ብናሳድገው ይፈጥናል?

መልስ፦ አይፈጥንም ወንድሜ፣ ብርህን አታውጣ። ፋይሉ እዚያው ቢሮ ውስጥ ሲሄድ ኢንተርኔት አይነካውም። የሚያልፈው በኬብሉና ኮምፒውተሮቹን በሚያገናኘው ሳጥን (በስዊቹ ወይም በራውተሩ) ነው።

አንድ ሰዓት ማለትህ ግን ትልቅ ፍንጭ ነው። 40 ጊጋ በአንድ ሰዓት ማለት በሰከንድ 11 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። ባለ 100 ሜጋቢት መስመር የሚችለው ደግሞ ይህንኑ ያህል ነው (8 ቢት አንድ ባይት ነው)። ስለዚህ መንገዱ ላይ አንድ ቦታ 100 ላይ ተይዟል። ጊጋቢት (1000 ሜጋቢት) ቢሆን በሰከንድ ወደ 110 ሜጋ ባይት ያልፋል፣ ሥራህም በ6 ደቂቃ አካባቢ ያልቃል።

መጀመሪያ የራውተሩን ሞዴል እይ። የብዙ ርካሽ ራውተሮች የኬብል መሰኪያ 100 ብቻ ነው። እንደዚያ ከሆነ ባለ 5 ወይም ባለ 8 መሰኪያ የጊጋቢት ስዊች ግዛ። ኮምፒውተሮቹን ሁሉ እሱ ላይ ሰካቸው፣ ወደ ራውተሩ አንድ ኬብል ብቻ ይሂድ። ራውተሩን መቀየር አያስፈልግህም።

ጥያቄ፦ ስዊቹም ኮምፒውተሮቹም ጊጋቢት ናቸው። አንደኛው ግን ፍጥነቱን 100 ብሎ ያሳያል።

መልስ፦ ኬብሉን ጠርጥር። ውስጡ 8 ክሮች አሉ። 100 የሚሠራው በ4ቱ ብቻ ነው፤ ጊጋቢት ግን 8ቱንም ይፈልጋል። 100 ከማይጠቀምባቸው አንዷ ከተበጠሰች መስመሩ ዝም ብሎ ወደ 100 ይወርዳል። ኢንተርኔቱ ስለሚሠራ ማንም ልብ አይለውም፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው።

የኬብሉን ጫፍ ወደ ብርሃን አዙረህ በፕላስቲኩ ውስጥ እይ። ክሮቹ በሙሉ እስከ ጫፉ ደርሰዋል? በተለመደው አሠራር 100 የማይጠቀምባቸው ሰማያዊዎቹና ቡናማዎቹ ናቸው፤ መጀመሪያ እነሱን እይ። አንዷ ወደኋላ ከቀረች ቆርጠህ በአዲስ ጫፍ እሰረው።

ኬብል ስትገዛም ክሩን በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርገው። መዳብ መስሎ ከሥሩ ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው፣ ተወው።

ጥያቄ፦ የጥምቀትን ፎቶዎች በሺዎች አድርጌ ስገለብጥ ከአንድ ትልቅ ቪዲዮ ይልቅ ይዘገያል። ለምን?

መልስ፦ እህቴ፣ እያንዳንዱ ፋይል ሲከፈትና ሲዘጋ ጊዜ ይወስዳል። ፎቶዎቹን አንድ ዚፕ ውስጥ አስገብተሽ ላኪያቸው። ጄፔግ (የተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት) ራሱ የተጨመቀ ስለሆነ ዚፑን ያለ መጭመቅ ሥሪው፣ አለበለዚያ በከንቱ ትጠብቂያለሽ።

ጥያቄ፦ አዘዞ የዲዛይን ቢሮ አለኝ። ልጆቹ ዋይፋይ ይበቃናል ይላሉ።

መልስ፦ ጋሼ፣ ለስልክና ለኢሜይል ይበቃል። ዋይፋይን ግን ሁሉም ይሻሙበታል፣ ወፍራም ግድግዳም ያዳክመዋል። ከቦታው የማይነሳ ኮምፒውተር በኬብል ይሁንልዎ።

ጥያቄ፦ ግልበጣው ሊያልቅ ሲል መብራት ይሄድና እንደገና ከዜሮ እንጀምራለን።

መልስ፦ ይሄ አንጀት ያቃጥላል። ኮምፒውተሩን ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ሳጥን) ላይ አድርጎ ስዊቹን የግድግዳ ሶኬት ላይ መተው የተለመደ ነው። ስዊቹ ከጠፋ ግልበጣው ተቋረጠ ማለት ነው። ስዊች የሚበላው መብራት ትንሽ ስለሆነ እሱንም ዩፒኤሱ ላይ ሰኩት። ዊንዶውስ ውስጥ ደግሞ ሮቦኮፒ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ዜድ (/Z) የሚለው አማራጩ ከተቋረጠበት ያስቀጥላል።

ጥያቄ፦ ኬብሉን ሁሉ ወደ ካት 6 (ከካት 5ኢ ከፍ ያለ የኬብል ደረጃ) ልቀይረው?

መልስ፦ ጤነኛ ካት 5ኢ እስከ 100 ሜትር ጊጋቢት ይሸከማል። ግድግዳ የምታስቆፍር ከሆነ ካት 6 አስገባ፤ ካልሆነ ያንን ብር ለኤስኤስዲ (ለፈጣን የኮምፒውተር ማከማቻ) አውለው።