የላክሽው ማመልከቻ መድረሱን በምን ታውቂያለሽ?

«ከዘንዘልማ ግቢ በዓሣ ሀብት ተመርቄአለሁ። እዚሁ ባሕር ዳር ላለ የምርምር መሥሪያ ቤት ማመልከቻዬን በኢሜይል ከላክሁ ስድስት ቀን ሆነኝ፤ ድምፅ የለም። መነበቡን የሚገልጽ ማረጋገጫ ብጠይቅስ?» ብለሽ ለጻፍሽልን እህታችን፦

ጭንቀትሽ ይገባኛል። ማመልከቻ በእጅ ሲገባ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ቅጂሽ ላይ ማኅተም መትታ፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ጽፋ ትመልስልሻለች፤ ያንን ይዘሽ ልብሽ አርፎ ትወጫለሽ። ኢሜይል እንዲህ ያለ ማኅተም የለውም።

የጠየቅሽው ማረጋገጫ በአውትሉክ ይገኛል። ጂሜይል ግን የሚፈቅደው በመሥሪያ ቤት ወይም በትምህርት ተቋም በኩል ለተከፈቱ አድራሻዎች እንጂ ለግል አድራሻ አይደለም። ቢኖርሽም ተቀባዩ ማረጋገጫውን አልልክም ማለት ይችላል። በዓይን የማትታይ ሥዕል መልእክቱ ውስጥ ደብቀው መከፈቱን የሚሰልሉ አገልግሎቶችም አሉ፤ አትንኪያቸው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የአፕል ኢሜይል መተግበሪያ ባለቤቱ ከፈቀደለት ሥዕሎችን አስቀድሞ ስለሚያወርድ፣ ማንም ሳያየው «ተከፍቷል» ሊሉሽ ይችላሉ። ደግሞስ ሥራ የምትጠይቂውን ሰው ሳያውቅ መከታተል ነውር ነው።

ይልቅ ዛሬውኑ የራስሽን ሳጥን ፈትሺ። አንድ ተመራቂ እኔ ፊት ተቀምጦ ስልኩን ሲከፍት፣ በተቀባዩ አድራሻ መጨረሻ «ኮም» መሆን የነበረበት «ኮን» ተብሎ ተጽፎ አገኘነው። አለመድረሱን የሚገልጸው የእንግሊዝኛ መልእክት ወዲያው መጥቶለት ነበር። ማስታወቂያ መስሎት ሳይከፍተው ስምንት ቀን ቆየ፤ የማመልከቻው ጊዜም በዚያ መሃል አለፈ። ፊቱ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ስለዚህ የአይፈለጌ መልእክት ማኅደሩን ጨምረሽ አንድም ሳታስቀሪ እይ።

አባሪዎችሽንም ተመልከቺ። ስካን ያደረግሻቸው ማስረጃዎች ከ25 ሜጋባይት ካለፉ ጂሜይል በቀጥታ አያያይዛቸውም፤ በጉግል ድራይቭ ሊንክ ይተካቸዋል። ሊንኩን እንዲከፍት ካልፈቀድሽለት ተቀባዩ ደጅ ቆሞ ይቀራል። ፈቃድ የሚጠይቅ መልእክት ደርሶሽ ከሆነ ሳትውዪ ሳታድሪ ፍቀጂ፤ አንድ ሰው ማመልከቻሽን ለማየት እየሞከረ ነው።

ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ ሰው ጠይቂ። አዲስ መልእክት ሳትጀምሪ፣ ከላክሽው ሥር እንዲህ ጻፊ፦ «ባለፈው ማክሰኞ ለክፍት የሥራ መደቡ የላክሁት ማመልከቻ ከ4 አባሪዎች ጋር መድረሱን ቢገልጹልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።» «አነበባችሁት ወይ?» አትበዪ። መድረሱን ለመናገር አንድ መስመር ይበቃል፤ ስለ ማንበብ የተጠየቀ ሰው ግን ውሳኔውን የተጠየቀ ስለሚመስለው ዝም ማለትን ይመርጣል።

ሁለት የሥራ ቀን ጠብቀሽ ካልመለሱ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ደውዪ። ማስታወቂያው በአካል መምጣትን ካልከለከለ ደግሞ አንቺ እዚሁ ከተማው ውስጥ ነሽ። ኢሜይሉ የተላከበት ቀንና ሰዓት የሚታይበትን ገጽ ከማመልከቻሽ ሁለት ቅጂ ጋር አትመሽ ሂጂ፤ መዝገብ ቤቱ ከተቀበለሽ አንዱ ቅጂ ላይ ማኅተም አስመቺ።