ጀልባ ላይ ጠመንጃ ይያዝ ወይስ ይቅር?

በዚህ ወር የመጡት ጥያቄዎች ሁሉ የባሕር ሆነዋል። ከጦሳ ተራራ ግርጌ ተቀምጦ ስለ ጀልባ መጻፍ ያስቃል። ግን ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ካላት፣ ደሴ የባሕር አምድ ቢኖራት ምን ክፋት አለው?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ? ከኮምቦልቻ ነው የምጽፈው። ቢሾፍቱ ባቦጋያ መርከበኝነት ተምሬ አራት ዓመት በዕቃ መርከብ ሞተር ክፍል ሠርቻለሁ። አሁን አንድ የማውቀው ጀርመናዊ ሽማግሌ በ12 ሜትር ባለ ሸራ ጀልባው ከግሪክ ተነስቶ በስዊዝ ቦይ አድርጎ ጅቡቲ ሊመጣ ነው፤ አብረኸኝ ና ብሎኛል። ወንበዴ ቢመጣ ብሎ የአደን ጠመንጃ ሊይዝ ነው። አባቴም «ወንበዴ ባለበት ባሕር ባዶ እጅ ይኬዳል ወይ!» ብለው ደግፈውታል። ሕጉ ምን ይላል? እርስዎ ቢሆኑስ ይይዙ ነበር?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። እኔ አልይዝም።

አባትህን ግን እረዳቸዋለሁ። እኛ ጋ ጠመንጃ ሰርግ ላይም ለቅሶ ላይም አለ፤ ባቲ ገበያ ሲወርድ በትከሻው ያነገተ ሰው አይቶ የሚደነግጥ የለም። መርከብ ላይ ስቀጠር እኔም የማስበው እንደ አባትህ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ፣ ባሕር ላይ ጠመንጃ መጀመሪያ የሚያጣላህ ከወንበዴ ሳይሆን ከጉምሩክ ነው።

ሕጉ እንዲህ ነው። ከባሕር ዳርቻው 12 ኖቲካል ማይል (22 ኪሎ ሜትር ገደማ) ድረስ ያለው ውሃ የባለ አገሩ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት የወሰነው ልክ ነው። ከዚያ አልፈህ ነፃው ባሕር ላይ ስትወጣ ጀልባዋን የሚገዛት የተመዘገበችበት አገር ሕግ ነው፤ እናንተ ዘንድ የጀርመን ማለት ነው። ወደብ ሳትገቡ በሰው ውሃ በሰላም ማለፍ ይፈቀዳል። ግን እዚያው ስምምነት ላይ፣ በመሣሪያ የሚደረግ ማንኛውም ልምምድ ሰላማዊነቱን ያፈርሰዋል ይላል። ስለዚህ ሽማግሌው ሲሰለቸው ባዶ ጣሳ ውሃ ላይ ወርውሮ ልተኩስ ካለህ እጁን ያዘው።

ወደብ ከገባችሁ ደግሞ የዚያ አገር ሕግ ሙሉ በሙሉ ይይዛችኋል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም አንድ ዓይነት ሕግ የለም። ባሃማስ ብትሄድ መሣሪያውንም ጥይቱንም ቆጥረህ ታስመዘግባለህ፣ ጀልባው ላይ ተቆልፎ ይቀመጣል፣ ወደ የብስ ግን ይዘህ አትወርድም። ካናዳ ለአደን ጠመንጃ ቅጽ ሞልተህ 25 የካናዳ ዶላር ትከፍላለህ፣ ወረቀቱ 60 ቀን ያገለግላል፤ በሽጉጥ ግን አትምጣብን ይሉሃል። ሜክሲኮ ቀድመህ ፈቃድ ካላወጣህ እስር ቤት ነው። ሌሎቹ ደግሞ ስትገባ ተቀብለው ስትወጣ ይመልሱልሃል። ይሄ ጥሩ ይመስላል፤ ግን በአንዱ ወደብ ገብተህ በሌላው ልትወጣ ካሰብክ ለአንድ ጠመንጃ ብለህ ወደ መጣህበት ትመለሳለህ፣ ያውም ነፋሱ ፊት ለፊት እየመታህ።

ያየሁትን ልንገርህ። አገሩን አልጠራም። አጠገባችን የቆመች አንዲት ትንሽ ጀልባ ላይ የጉምሩክ ሰውዬ ገብቶ ጥይቶቹን የምግብ ጠረጴዛዋ ላይ አንድ በአንድ ይደረድራል። ወረቀቱ 50 ይላል፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው 47 ነው። ባለቤቱ ሦስቱን ባሕር ላይ ለሙከራ ተኩሷቸዋል፣ መዝገብ ላይ ግን አላሰፈረም። ሰውዬው ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ ፍራሹ ተገለበጠ፣ የሩዝ ጣሳው ተደፋ፣ የወለሉ ሳንቃ ተነሳ። ለሦስት ጥይት ስድስት ቀን ታገዱ። ሚስትየው የተደፋውን ሩዝ እየለቀመች ባሏን ያየችበት ዓይን እስካሁን አይረሳኝም።

ጠመንጃው የእኔ አይደለም ብለህም አትዘናጋ። እ.ኤ.አ. በ2013 «ሲማን ጋርድ ኦሃዮ» የተባለች የጥበቃ መርከብ ደቡብ ሕንድ ላይ ከነመሣሪያዋ ስትያዝ 35 ሰው ነው የታሰረው። 25ቱ ጠባቂዎች ነበሩ፣ አሥሩ ግን የመርከቧ ሠራተኞች ናቸው። በ2016 አምስት አምስት ዓመት ተፈረደባቸው፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ነፃ ያላቸው በ2017 መጨረሻ ነው። ሞተረኛ ነኝ ማለት አያስጥልም።

አሁን ወደ አባትህ ጥያቄ፣ ወንበዴ ቢመጣስ? እርሳስ የሚበትነው የአደን ጠመንጃ ደህና የሚመታው እስከ 40 ወይም 50 ሜትር ነው። ክላሽ ከ300 ሜትር ያገኝሃል። የእናንተ ጀልባ ቢበዛ በሰዓት 6 ወይም 7 ኖቲካል ማይል ትሄዳለች፣ የእነሱ ከ20 በላይ። ማምለጥ የለም፣ መከለያ የለም፣ ግድግዳህ ከላስቲክ ብዙም የማይሻል ፋይበር ነው። የኒውዚላንዱ ፒተር ብሌክ፣ የአሜሪካን ዋንጫ የሚባለውን ትልቁን የጀልባ ውድድር ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 አማዞን ወንዝ አፍ ላይ ዘራፊዎች ሲገቡበት ጠመንጃ አንስቶ ተኮሰ። ጠመንጃው ነከሰበት፣ እሱን መትተው ገደሉት። ከጓደኞቹ የሞተ የለም። ሳይተኩስ ቢቀር ይተርፍ ነበር ብዬ መማል አልችልም። ግን ዘራፊ የመጣው ለሞተርና ለሰዓት ከሆነ፣ ጠመንጃ ስታሳየው ነገሩ ሌላ ይሆናል።

ሽማግሌው አሁንም ሙጭጭ ካለ እነዚህን ጠይቀው። ጠመንጃው በስሙ ፈቃድ አለው? የአውሮፓ የመሣሪያ ፓስፖርት የሚሉት ወረቀት ግሪክ ላይ ይጠቅመዋል፣ የግብፁ ወደብ ፖርት ሳኢድ ላይ ግን ወረቀት ብቻ ነው። በስዊዝ ቦይ መንገድ የሚመራ ግብፃዊ (ፓይለት የሚሉት) ጀልባዋ ላይ ይወጣል፣ ጀልቦች አብዛኛውን ጊዜ ኢስማኢሊያ አድረው በሁለት ቀን ነው የሚያልፉት፤ ባለሥልጣን ሳያያችሁ የምታልፉበት መንገድ የለም። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ለፖርት ሳኢድም ለጅቡቲም ወኪል ጽፎ መልሱን በጽሑፍ ይያዝ። የመሣሪያው ቁጥርና የጥይቱ ብዛት ጀልባው ሰነድ ላይ ይስፈር፣ ካዝናው ቁልፍ ይኑረው። «ዝም ብለን ደብቀን እናሳልፋታለን» ካለህ ግን ሻንጣህን ይዘህ ውረድ፣ ቲኬትህን ራስህ ከፍለህም ቢሆን። ከቤት የራሳችንንም ጠመንጃ ይዤ ልሂድ ብለህ እንዳታስብ፣ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው የምልክት ሽጉጡን ነው። የአደጋ ጊዜ ቀይ ብርሃን የሚተኩሰውን ማለቴ ነው። ጀርመን ውስጥ ትልቁ ዓይነት የመሣሪያ ፈቃድ ይጠይቃል። በእጅ የሚያዘው የአደጋ መብራት ይሻላችኋል። በርበሬ የሚረጨውንም እንደ ቀልድ አትዩት፣ እንግሊዝ አገር እንደ ጦር መሣሪያ ነው የሚቆጠረው።

እውነቱን ለመናገር እኔን የሚያሳስበኝ ጠመንጃው ሳይሆን መንገዱ ነው። ከኖቬምበር 2023 ወዲህ በደቡብ ቀይ ባሕር ትልልቅ መርከቦች በሚሳይል ሲመቱ አይተናል፤ ለዚያ የአደን ጠመንጃ ምን ያደርጋል? የሶማሊያ ወንበዴዎችም ተመልሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በዚያው አካባቢ አራት አሜሪካውያን ወንበዴዎች በያዙባቸው ጀልባ ላይ ተገድለዋል፣ የአገራቸው የጦር መርከቦች እየተከተሏቸው። ጀልባዋን በዕቃ መርከብ አስጭኖ ማምጣት ይቻላል፣ ውድ ነው እንጂ። በራሷ ትመጣለች ካላችሁ ቢያንስ ዩኬኤምቲኦ ለሚባለው የእንግሊዝ የባሕር ደህንነት ቢሮ ጉዟችሁን አስመዝግቡ፣ በየቀኑ ያላችሁበትን አሳውቁ፣ ሬዲዮው የአደጋ ጥሪ ከሚሰማበት ከቻናል 16 አይነቀል።

ጥያቄ፦ ልጄ በዕቃ መርከብ ይሠራል። ለመሆኑ ራሱን የሚጠብቅበት መሣሪያ ይሰጡታል? (እናት፣ ከደሴ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ እናቴ፣ አይሰጡትም፣ ስላልሰጡትም ደስ ይበልዎ። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ራሱ መርከበኞች መሣሪያ እንዳይዙ አጥብቆ ይመክራል። አደገኛው አካባቢ ላይ ኩባንያው ከፈለገ የሠለጠኑ ጠባቂዎችን ይቀጥራል፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ይሆናሉ። መሣሪያቸውን ይዘው በየወደቡ መግባት ስለሚቸግራቸው ባሕር ላይ የቆመ መጋዘን መርከብ ጋ አራግፈው ይወርዳሉ። ወንበዴ ከመጣ የልጅዎ ሥራ መርከቡ ውስጥ ያለው የተጠናከረ ክፍል ገብቶ በሩን መቆለፍ ነው።

ጥያቄ፦ ቡና ላይ ተከራከርን። ጠመንጃ ይዛችሁ ሂዱ ተብሎ የሚመከርበት ባሕር አለ? (መምህር፣ ከደሴ)

መልስ፦ አለ! ስቫልባርድ፣ ከኖርዌይ በስተሰሜን ያሉት ደሴቶች። ከመንደር ወጥቶ የሚሄድ ሰው ነጭ ድብ የሚያስደነግጥበት ነገር መያዝ ግዴታው ነው፣ ጠመንጃም እንዲጨምር ይመከራል። ፈቃድ ካለህ እዚያው ይከራያል። የቡናውን ሂሳብ የተሸነፈው ይክፈል።