አረንጓዴው ሲያንስ የፓምፑን ጅረት መጨመር መፍትሔ አይደለም

በ20 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 20,000 ምት) በሚሠራ፣ ኪው-ስዊች (ኢነርጂውን አጠራቅሞ በአጭር ምት የሚለቅ መቀያየሪያ) ባለው የኒዮዲሚየም ያግ ሌዘርዎ 8 ዋት የ1064 ናኖሜትር ታህተ ቀይ (ለዓይን የማይታይ) ብርሃን ወደ ኤልቢኦ፣ ማለትም ታህተ ቀዩን ወደ አረንጓዴ ወደሚቀይረው ክሪስታል እያስገቡ፣ የሚያገኙት የ532 ናኖሜትር አረንጓዴ ከ1 ዋት እምብዛም እንደማይበልጥ ጽፈዋል። የፓምፑን (ለሌዘሩ ኢነርጂ የሚመግበውን ዳዮድ) ጅረት ሲጨምሩ ጭራሽ መቀነሱንም ነግረውናል። ጥያቄዎ ጠንከር ያለ የፓምፕ ዳዮድ ልግዛ ወይ የሚል ነው። እባክዎን አይግዙ። እኔ በዚያው መንገድ ሄጄ ወራት አባክኛለሁ።

አረንጓዴውን የሚወስነው በአመዛኙ እያንዳንዱ ምት ጫፉ ላይ ሲደርስ የሚኖረው ኃይል ነው። ቅየራው ገና አነስተኛ እስከሆነ ድረስ የታህተ ቀዩ የጫፍ ኃይል እጥፍ ሲሆን የአረንጓዴው አራት እጥፍ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1961 የፊዚክስ ተመራማሪው ፍራንከንና ባልደረቦቹ የብርሃን ሞገድን ድግግሞሽ ለመጀመሪያ ጊዜ በሌዘር እጥፍ ሲያደርጉ የተጠቀሙትም የሩቢ ሌዘር ምት ነበር። ስለዚህ አስቀድመው የምቶቹን ድግግሞሽ ወደ 10 ኪሎኸርዝ ያውርዱት። የኒዮዲሚየም አቶሞች የተቀበሉትን ኢነርጂ ወደ 230 ማይክሮሰከንድ ያህል ይዘው ይቆያሉ፤ በ20 ኪሎኸርዝ ግን በሁለት ምቶች መካከል ያለው ጊዜ 50 ማይክሮሰከንድ ብቻ ነው። ክምችቱ ሳይጠራቀም ይለቀቃል፣ ምቱም ይረዝማል። ለምሳሌ 8 ዋት በ20 ኪሎኸርዝና በ40 ናኖሰከንድ ምት 10 ኪሎዋት ጫፍ ይሰጣል። በ10 ኪሎኸርዝ አማካዩ ወደ 7 ዋት ቢወርድና ምቱ ወደ 25 ናኖሰከንድ ቢያጥር ጫፉ 28 ኪሎዋት ይደርሳል። ከአማካዩ 1 ዋት አጥተው ጫፉን ሦስት እጥፍ ሊያደርሱት ምንም አልቀረዎትም ማለት ነው። ብቻ ጨረሩን በሌንስ ከመጠን በላይ አያጥብቡት፤ የክሪስታሉ ሽፋን ይቃጠላል።

የእኔን ሌዘር ያዳነው ግን የሙቀት ነገር ነው። ኤልቢኦ በ149 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሁለቱ ሞገዶች በውስጡ እኩል እንዲራመዱ ያደርጋል፤ ጥቂት ዲግሪ ከተዛነፈ ግን አረንጓዴው ይከስማል። እኔ ማሞቂያውን ያስተካከልኩት በዝቅተኛ ኃይል ነበር። ኃይሉ ሲጨምር ክሪስታሉ ከብርሃኑ ጥቂት እየመጠጠ መሐሉ ይሞቃል፤ የሙቀት መለኪያው ግን የማሞቂያው ብረት ላይ ስለተጣበቀ ይህን አያውቅም። አንድ ማታ በሙሉ ኃይል እያሠራሁ ማሞቂያውን በ0.2 ዲግሪ እየቀነስኩ፣ በየእርምጃው ሙቀቱ እስኪረጋ አምስት ደቂቃ እየጠበቅኩ ወረድኩ። ሦስተኛው እርምጃ ላይ የአረንጓዴው ኃይል መለኪያ መርፌ መነሳት ጀመረ፣ ሰባተኛው ላይ ደግሞ ከመነሻው እጥፍ ሊሆን ተቃረበ። ያን ማታ የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አልረሳሁትም።

ጅረት ሲጨምሩ አረንጓዴው የቀነሰበት ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል። የሌዘሩን ብርሃን የሚያመነጨው የያግ ዘንግ ሲሞቅ እንደ ሌንስ ይሆናል፤ የጨረሩን ፖላራይዜሽንም (ሞገዱ የሚወዛወዝበትን አቅጣጫ) ያዛባል። በተሳሳተ አቅጣጫ የተዛባው ክፍል በክሪስታሉ አይቀየርም። ከክሪስታሉ በፊት ፖላራይዘር (በአንድ አቅጣጫ የሚወዛወዘውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ) አስገብተው በዝቅተኛውም በከፍተኛውም ጅረት ይለኩ፤ በከፍተኛው ጅረት የሚያልፈው ድርሻ ጉልህ ከቀነሰ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መለኪያዎን ይፈትሹ። በሙቀት የሚሠራ የኃይል መለኪያ ቀለም አይለይም፤ ሳይቀየር የቀረውን ታህተ ቀይ ከአረንጓዴው ጋር ይደምረዋል። ሁለቱን የሚለይ መስታወት ከፊቱ ያድርጉ። መነጽርዎም 1064ንም 532ንም የሚከለክል ይሁን፤ ዓይንን ሳይታይ የሚጎዳው የመጀመሪያው ነው።