መጀመሪያ ማስክ፣ መጨረሻ ሲሊንደር፦ የዳይቪንግ ዕቃ ለምትገዙ

ስኩባ ዳይቪንግ (አየር በሲሊንደር ተሸክሞ ውኃ ውስጥ መጥለቅ) የጀመራችሁ ወይም ኮርስ ላይ ያላችሁ አንባቢዎች ሰሞኑን የላካችሁልኝ ጥያቄ በአብዛኛው አንድ ነገር ላይ ያጠነጥናል፤ የመጀመሪያውን ዕቃ እንዴት እንምረጥ የሚል ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ፣ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

ጥያቄ፦ ኮርሱን ልጨርስ ነው። ሱቅ ሄጄ ስጠይቅ ሙሉውን ዕቃ ባንዴ ብገዛ ጥሩ ቅናሽ እንዳለው ነገሩኝ። ልግዛ?

አትቸኩል ወንድሜ። ቅናሹ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ቅናሽ የሚጠቅመው የሚሆንህን ዕቃ ከገዛህ ብቻ ነው። ኮርስ ላይ ያለ ሰው ሞቃት ውኃ ውስጥ ይጠልቅ ይሆን ቀዝቃዛ፣ ከጀልባ ይግባ ከዳር፣ በዓመት ስንቴ ይውጣ ገና አያውቀውም። ይህን ሳታውቅ የገዛኸው ቢሲዲ (አየር የሚነፋው መንሳፈፊያ ጃኬት) ወይም ሬጉሌተር (የሲሊንደሩን አየር ወደ አፍ የሚያደርሰው ዕቃ) ከዓመት በኋላ ቁም ሣጥን ሥር ሊቀር ይችላል።

እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። መጀመሪያ ማስክ፣ ከዚያ ፊን (እግር ላይ የሚጠለቀው መቅዘፊያ)፣ ከዚያ የዳይቭ ኮምፒውተር፣ ለጥቆ ዌትሱት (ከብርድ የሚከላከለው የጎማ ልብስ)። ሬጉሌተርና ቢሲዲ መጨረሻ ይሁኑ። ገላህ ላይ የሚያርፍና በልክህ ካልሆነ የሚያሠቃይህ ዕቃ ይቅደም ነው የምለው። ኮምፒውተሩን መሀል ያስገባሁት ግን ለልክ ብዬ አይደለም፤ ምክንያቱን ታች ለሌላ ጠያቂ ስመልስ ታገኘዋለህ። ሬጉሌተርና ቢሲዲ ለጊዜው መከራየት ጥቅም አለው። የተለያየ ዓይነት ትሞክራለህ፣ ምን እንደሚመችህም በራስህ ታያለህ።

ጥያቄ፦ ማስኬ ሁልጊዜ ውኃ ያስገባል። ላስቲኩን ባጠብቀው ባጠብቀው ለውጥ የለም። በዚያ ላይ መነጽር አደርጋለሁ። ውድ ማስክ ብገዛ ይሻለኛል?

ማጥበቁን ተዪው እህቴ። ላስቲኩ ማስኩን ቦታው ላይ ያቆየዋል እንጂ ውኃ አይከለክልም። ከልክ በላይ ሲጠብቅ የሲሊኮኑ ጠርዝ ይታጠፍና ጭራሽ ይብስበታል። ውኃ ውስጥ ስትገቢ ማስኩን ፊትሽ ላይ የሚጫነው ግፊቱ ራሱ ነው።

ወሳኙ ነገር የማስኩና የፊትሽ ቅርጽ መስማማቱ ነው። ሱቅ ስትሄጂ ላስቲኩን በመስታወቱ በኩል ገልብጪው። ቀና በይና ማስኩን ሳትጫኚ ፊትሽ ላይ አስቀምጪው። ከዚያ ዙሪያውን በጣትሽ ዳብሺ። ጠርዙ ግንባርሽን፣ ሁለቱንም ጉንጮችሽንና የላይኛውን ከንፈርሽን በሙሉ ነክቷል? የሆነ ቦታ ክፍተት ከተሰማሽ ያን ማስክ መልሺው። ክፍተት ከሌለ ቀስ ብለሽ በአፍንጫሽ ትንሽ አየር ሳቢና እጅሽን ልቀቂ። አደራ፣ በኃይል አትሳቢ። በኃይል ከተሳበ የማይሆንሽ ማስክም ይጣበቃል። ትንፋሽሽን ይዘሽ አንገትሽን ስታቀኚ ማስኩ ካልወደቀ ግማሹን ፈተና አልፏል።

ቀሪው ግማሽ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። የሬጉሌተር መንከሻ አፍሽ ውስጥ አድርገሽ ያንኑ ድገሚ። አፍ መንከሻ ሲይዝ የከንፈርና የጉንጭ ቅርጽ ይለወጣል። ሱቅ ውስጥ ልክክ ያለ ማስክ ውኃ ውስጥ የሚያፈስሰው ብዙ ጊዜ በዚህ የተነሣ ነው። ፀጉርሽም ጠርዙ ሥር እንዳይገባ ተጠንቀቂ፤ አንዲት ዘለላ ፀጉር ትበቃለች። ጺም ያላችሁ ወንዶችም አፍንጫ ሥር ያለችውን ጠባብ መስመር አሳጠር ብታደርጓት ልዩነቱን ታያላችሁ።

አፍንጫሽን ከውጭ መቆንጠጥ መቻልሽንም ሞክሪ። ወደ ታች ስትወርጂ የጆሮሽን ግፊት ለማመጣጠን ደጋግመሽ የምታደርጊው ነገር ነው። ተራ የዋና መነጽር ለዳይቪንግ የማይሆነውም በአፍንጫ ምክንያት ነው። አፍንጫ ከውጭ ስለሚቀር ውስጡ አየር መጨመር አይቻልም፤ ግፊቱም ዓይን ላይ ጉዳት ያደርሳል።

ስለ ዋጋ ከሆነ፣ ጠርዙ ጥሩ ሲሊኮን፣ መስታወቱም ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) ይሁን። ከዚያ በላይ የምትከፍዪው በአብዛኛው ለመልኩ ነው። መነጽርሽን አድርገሽ ላዩ ላይ ማስክ ማጥለቅ አይሆንም፤ የመነጽሩ እጀታ ጠርዙን ይከፍተዋል። ሁለት መስታወት ያላቸው ብዙ ማስኮች ግን ሌንሳቸው በዓይን ቁጥር ይቀየራል። ቁጥርሽን ይዘሽ ሂጂ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። አዲስ ማስክ ከፋብሪካ ሲወጣ መስታወቱ ላይ ስስ ሽፋን ይኖረዋል፤ እሱ ካልተነሣ እንፋሎት እየያዘ ያስቸግራል። ጄል ባልሆነ ነጭ የጥርስ ሳሙና ውስጡን በጣትሽ ደጋግመሽ እሺና እጠቢው። እንፋሎት የሚከላከል ቅብ ያለው ከሆነ ግን ቅቡ ስለሚፋቅ አትሺው፤ መመሪያውን አስቀድመሽ አንብቢ።

ጥያቄ፦ ፊን ስገዛ እንደ ጫማ ሙሉ እግር የሚያስገባው ይሻላል ወይስ ተረከዙ ክፍት የሆነው?

ሞቃት ውኃ ላይ ከጀልባ ብቻ የምትገባ ከሆነ ሙሉው ቀላልና ምቹ ነው። ከዳር የምትገባ ከሆነ፣ ድንጋይ ካለ ወይም ውኃው ከቀዘቀዘ ተረከዙ ክፍት የሆነውን ከኒዮፕሪን (ዌትሱት የሚሠራበት ጎማ) ጫማ ጋር ውሰድ። ጫማውን አስቀድመህ ግዛና እሱን አድርገህ ፊኑን ለካ። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ይሠራና ፊኑ ይጠበዋል። በጣም ግትርና ረጅም ፊን ያፈጥናል እየተባለ ይሸጣል፤ ያልለመደ እግር ግን ቶሎ ቁርጥማት ይይዘዋል። መካከለኛ ይበቃሃል።

ጥያቄ፦ የኪራይ ዌትሱት ስለብስ ሁልጊዜ ይበርደኛል። ጓደኞቼ 3 ሚሊሜትር ይለብሳሉ። እኔ 5 ልግዛ ወይስ 7?

ከውፍረቱ በፊት ልኩን እይው። ውኃ ከአየር ወደ 25 እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ሙቀት ይወስዳል። ዌትሱት የሚያሞቅህ ኒዮፕሪኑ ውስጥ ባሉት ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች ነው፤ የገባችው ጥቂት ውኃም ገላህ ላይ ተይዛ መቅረት አለባት። ልብሱ ከሰፋህ በተንቀሳቀስህ ቁጥር የሞቀው ውኃ ይወጣና ቀዝቃዛው ይገባል። ያኔ 7 ሚሊሜትርም አያድንህም። የኪራይ ልብስ ላይ የሚያጋጥምህ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ስትለካ ወገብህ ላይ ከጀርባ በኩል፣ ብብትህ ሥርና ጉያህ ላይ ክፍተት እንዳይኖር እይ። ለመልበስ ቢያታግልህ አይክፋህ። በደንብ መተንፈስና እጅህን ማንሳት ግን መቻል አለብህ።

ውፍረቱን በተመለከተ በግርድፉ እንዲህ እላለሁ። ውኃው ከ27 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከሆነ 3 ሚሊሜትር፣ ከ22 እስከ 26 ከሆነ 5፣ ከዚያ በታች 7 ከነኮፍያው። በጣም ለሚቀዘቅዝ ውኃ ድራይሱት የሚባለው ደረቅ ልብስ አለ፤ እሱ ራሱን የቻለ ሥልጠና ይፈልጋል። አንተ ብርድ የማይችል ሰው ከሆንክ አንድ ደረጃ ጨምር፤ የጓደኞችህ ገላ ያንተ አይደለም። ወደ ጥልቀት ስትወርድ ግፊቱ አረፋዎቹን ስለሚጨፈልቃቸው ልብሱ ይሳሳል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል። ላይ ላይ ሲሞቅህ የነበረ ልብስ 25 ሜትር ላይ ቢበርድህ አይግረምህ።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ሁልጊዜ አብረን ነው የምንጠልቀው። አንድ ጥሩ የዳይቭ ኮምፒውተር ገዝተን ብንጋራ አይበቃንም?

አይበቃችሁም። በዚህ ጉዳይ መደራደር አልፈልግም።

ኮምፒውተሩ በየሰከንዱ ጥልቀትና ሰዓት እየመዘገበ ሰውነት ውስጥ የሚጠራቀመውን ናይትሮጅን ያሰላል። የሚያሰላው ግን ላጠለቀው ሰው ብቻ ነው። አብራችሁ ብትሆኑም አንዳችሁ ዓሣ ለማየት ሁለትና ሦስት ሜትር ዝቅ ትላላችሁ፣ ሌላው ከላይ ይጠብቃል። እርስዎ ጠዋት ጠልቀው ባለቤትዎ ከሰዓት በኋላ ብቻ ቢገቡ፣ ወይም ተራ በተራ ቢያደርጉት፣ የሁለታችሁም ስሌት ይበላሻል። ስሌቱ ተሳስቶ ከሚፈቀደው በላይ ከቆዩ ወይም ፈጥነው ከወጡ የሚመጣው ዲኮምፕሬሽን ሕመም ነው። ናይትሮጅኑ ደምና ሥጋ ውስጥ አረፋ ይሠራል፤ ሽባ እስከማድረግ ሊደርስ ይችላል። ከዚህ ሁሉ ሁለት ርካሽ ኮምፒውተር መግዛት ይሻላል። አንድ ውድ ከሚገዙ ሁለት ተራ ይግዙ።

ለጀማሪ ብዙ ነገር አያስፈልግም። ቁጥሩ ጎላ ብሎ የሚነበብ፣ በጨለማ የሚበራ፣ ናይትሮክስ (ኦክስጅኑ ከተራ አየር የበዛ ድብልቅ) የሚያሰላ ይሁን። ባትሪውን ራስዎ መቀየር ወይም መሙላት ቢችሉ ጥሩ ነው፤ ጉዞ ላይ ባትሪ ቢያልቅ ለሠራተኛ እስኪላክ ቀኑ ያልፋል። ወደ ላይ ሲወጡ በደቂቃ ከ9 ወይም ከ10 ሜትር በላይ ከፈጠኑ ያስጠነቅቅዎታል። ከመውጣትዎ በፊት ለጥንቃቄ 5 ሜትር ላይ ቆም የሚሉባትን 3 ደቂቃም ይቆጥርልዎታል። የሲሊንደሩን አየር ያለ ገመድ የሚያነበው ዓይነት ደስ ይላል፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው ቅንጦት ነው። ደግሞ ከመግዛትዎ በፊት ቁልፎቹን ጓንት አድርገው ይጫኗቸው። ሱቅ ውስጥ የቀለለው ነገር ውኃ ውስጥ ሊያስቸግር ይችላል።

ጥያቄ፦ ዳይቪንግ ያቆመ ዘመዴ ሬጉሌተሩን በርካሽ ሊሸጥልኝ ነው። ስድስት ዓመት ሆኖታል። ልውሰደው?

ዕድሜው ብቻውን አያስፈራም። የተያዘበት ሁኔታ ነው የሚያሳስበው። ጥያቄህን በዚህ ጀምር፤ መቼ ነው የመጨረሻው ሰርቪስ የተደረገው? ወረቀት አለው? አብዛኞቹ አምራቾች በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ሰርቪስ ያዛሉ።

ከዚያ ዕቃውን እጅህ ላይ ይዘህ እየው። ሲሊንደሩ ላይ በሚታሰረው ክፍል መግቢያ ላይ ክብ ማጣሪያ አለች። ብርማ መሆን አለባት። አረንጓዴ ከሆነች የባሕር ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። ቡናማ ወይም ቀላ ያለች ከሆነች ከብረት ሲሊንደር የመጣ ዝገት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የቱቦዎቹን ጫፍ መሸፈኛ ወደ ኋላ ጎትትና ጎማውን እጠፍ አድርገህ ስንጥቅ ፈልግ። በመጨረሻም ሲሊንደር ሳይገጠምለት መግቢያውን በክዳኑ ዝጋና መንከሻውን አፍህ ውስጥ አድርገህ ቀስ ብለህ ሳብ። ምንም አየር መምጣት የለበትም። ከመጣ የሆነ ቦታ ያስገባል።

ይህን ሁሉ ቢያልፍም ውኃ ውስጥ ከመግባትህ በፊት ለሰርቪስ ስጠው። ለዚህ ሞዴል መለዋወጫ እንዳለም ቀድመህ አጣራ። የሰርቪሱን ወጪ ከዋጋው ላይ ደምረህ ከአዲስ ጋር አወዳድረው፤ አንዳንዴ «ርካሹ» ከአዲሱ ብዙም አይርቅም። አሮጌ ኮምፒውተር ግን ቢሰጥህም ይቅርብህ። ያገለገለ ፊንና ቢሲዲ ግን ሳትፈራ ግዛ፤ ቢሲዲውን ነፍተህ አሳድረውና ጠዋት አየሩን ይዞ መቆየቱን አረጋግጥ።

ጥያቄ፦ አዲስ ሬጉሌተር ልገዛ ነው። ዲን ወይስ ዮክ? ባላንስድ የሚሉትስ ምንድን ነው?

ሁለቱም ሬጉሌተሩ ሲሊንደሩ ላይ የሚያያዝባቸው መንገዶች ናቸው። ዮክ ሲሊንደሩን ከውጭ አቅፎ የሚይዝ ነው። ዲን ደግሞ ቫልቩ ውስጥ በጥርስ ተሽከርክሮ ይገባል። እኔ ዲን እመርጣለሁ። አያያዙ ጠንካራ ነው፣ እስከ 300 ባር ግፊት የሚችልም አለ፤ በአስማሚም ዮክ ሲሊንደር ላይ ይገጠማል። ሆኖም የምትጠልቂበት አካባቢ ሁሉም ዮክ ከሆነ ዮክ ብትገዢ ምንም አይጎድልብሽም።

ባላንስድ ማለት ሲሊንደሩ ሙሉ ሆነ ጎደሎ፣ አተነፋፈሱ የማይለወጥ ነው። ባላንስድ ያልሆነው አየሩ ሲቀንስ ጠጠር ይላል። 30 ሜትር ላይ ግፊቱ ከላይ ካለው 4 እጥፍ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ የምትወስጂው አየርም 4 እጥፍ ነው። እዚያ ላይ ቀለል ብሎ መተንፈስ ዋጋ አለው። አቅምሽ ከቻለ ባላንስድ ያዢ። ከ10 ዲግሪ በታች ውኃ ውስጥ የምትገቢ ከሆነ ለቀዝቃዛ ውኃ የተሠራ መሆኑን ሳታረጋግጪ አትግዢ፤ ያልተሠራለት በረዶ ሊይዝና አየር ሳያቋርጥ ሊለቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሲሊንደርና ወደ ታች ለመውረድ የሚታሰረውን የእርሳስ ክብደትስ ልግዛ?

አትግዛ። ሲሊንደርና እርሳስ የዳይቪንግ ማዕከል ሁሉ አለው። ሲሊንደር ከባድ ነው፣ በየጊዜው ምርመራና የግፊት ፈተና ያስፈልገዋል። ሲሊንደር የሚሞላልህ ቦታ ቅርብህ ካለና ከዳር ብዙ የምትጠልቅ ከሆነ በኋላ ታስብበታለህ።

ጥያቄ፦ እግሬ ላይ የማስረው ትልቅ ቢላዋ ገዛሁ። ሌላ ምን ይጎድለኛል?

ቢላዋው አያስፈልግህም ነበር። የተረሳ መረብ ወይም የዓሣ ማጥመጃ ክር ቢይዝህ ትንሽ መቁረጫ ይበቃል፤ እሱንም ሁለቱም እጅህ የሚደርስበት ደረትህ ላይ አድርገው። የሚጎድልህ ፊሽካና ላይ ላይ የምትነፋው ረጅም ደማቅ ፊኛ ነው። ማዕበል ካለ ጀልባ ላይ ያለ ሰው ያንተን ጭንቅላት ከጥቂት ርቀት አያየውም፤ ፊኛውን ግን ያየዋል። ከታች ሆነህ ፊኛውን መልቀቅ ልምምድ ስለሚፈልግ አስተማሪህ ያሳይህ።

ጥያቄ፦ ዕቃዬን ከባሕር ስመለስ እንዴት ልጠበው?

በንጹሕ ውኃ፣ ጨው ሳይደርቅበት። ቢሲዲው ውስጥም ውኃ አስገብተሽ አንቀጥቅጠሽ አፍሺው። ሁሉንም ጥላ ላይ አድርቂ፤ ፀሐይ ጎማውንና ኒዮፕሪኑን ይበላዋል። ሬጉሌተሩን ከመንከርሽ በፊት የመግቢያውን ክዳን አድርቀሽ ግጠሚው። ውኃ ውስጥ እያለ ደግሞ መንከሻው ፊት ያለውን ቁልፍ አትጫኚ፤ ቫልቩ ይከፈትና ውኃው በቱቦው አልፎ ሲሊንደሩ ላይ እስከሚታሰረው ክፍል ድረስ ይገባል።