የአፍንጫዋን መስመር አጥፋው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ታፔላ እየጻፍኩ ነው የምተዳደረው። የእህቴን ፊት በዘይት ቀለም መሣል እፈልጋለሁ። ለልምምድ ብዬ ያቺን የሆላንዳዊውን ሠዓሊ የቨርሜርን ባለ ሉል ጉትቻ ልጅ ከስልኬ እያየሁ 60 በ80 ሳንቲሜትር ሸራ ላይ ገለበጥኳት። ፊቷ ረዘመብኝ። ቆዳዋም ኖራ የተቀባ ይመስላል። ጓደኞቼ ደግሞ «የሰው ሥራ መገልበጥ ስርቆት ነው» ይሉኛል። ልተወው?

መልስ፦ ኧረ እንዳትተወው ወንድሜ! የኛም የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች የተማሩት በመገልበጥ ነው። ልጇን የታቀፈችው የድንግል ማርያም ሥዕል፣ በየቤተ ክርስቲያኑ የምናየው፣ የብዙው መነሻ ሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለው ሥዕል ነው። ቅጂውን ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን አመጡት። የኛ ሰዎች እየገለበጡ ዓይኑንም ልብሱንም የራሳቸው አደረጉት። አንተም ከሸራው ጀርባ «ከቨርሜር የተቀዳ» ብለህ ጻፍ፣ በቃ።

ፊቷ የረዘመው በሸራው ነው። ዋናው ሥዕል 44.5 በ39 ሳንቲሜትር ነው፤ ቁመቱ ከወርዱ ብዙም አይበልጥም። አንተ ረጅም ሸራ ለመሙላት ጎተትካት። ሸራህን በዚያ ልክ ቁረጥ።

ኖራው የመጣው ደግሞ ነጩን ከየቀለሙ ጋር ከመጀመሪያው ስለደባለቅከው ይመስለኛል። ቨርሜር እ.ኤ.አ. በ1665 አካባቢ ሲሥላት መጀመሪያ ከሥር በቡናማና በጥቁር ብርሃንና ጥላውን ለየ። ሄግ ያለው የማውሪትስሃውስ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2018 ሥዕሉን ሲመረምር ይህ ታይቷል። ጥቁር የሚመስለን ጀርባዋ እንኳ አረንጓዴ መጋረጃ ነበር! እና አንተም አምበር የሚባለውን ቡናማ በተርፐንታይን አቅጥነህ፣ ነጭ ሳትነካ ፊቷን ጨርስ። ዓይንህን ጨፈን እያደረግህ እያት፤ ዝርዝሩ ይጠፋና ጥላው ብቻ ይቀርልሃል።

ከዚያ ይድረቅ። አትቸኩል። የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን ስቦ ነው የሚጠነክረው። ሙቀት ያግዘዋል፤ በዚህ ኮምቦልቻ ከደሴ ይሻልሃል። እኔ ደሴ ሰኞ ገበያ ተከራይቼ ሳለሁ፣ በክረምት፣ ቀለሙ ይላላልኝ ብዬ የምግብ ዘይት ጨመርኩበት። ለወራት እየተጣበቀ አቧራ ሲሰበስብ ከረመ። የአንዲት እናት ፊት ነበር፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ለሠዓሊ የተጣራ የተልባ ዘይት ፈልግ። የታችኛው ንብርብር ቀጭን፣ የላይኛው ዘይት በዛ ያለበት ይሁን፤ ከተገላበጠ ይሰነጠቃል።

አሁን ወደ አፍንጫዋ። ታፔላ የለመደ እጅ ጠርዝ ይወዳል፤ አንተም በመስመር ከበኸው ይሆናል። ዋናውን አጉላና እየው። የአፍንጫዋ አጥንትና በብርሃኑ በኩል ያለው ጉንጯ አንድ ላይ ይቀልጣሉ፤ በመካከላቸው መስመር የለም። እኛ ነን በዓይናችን የምንጨርሰው። ሉሉም እንደዚያው ነው። ከላይ አንድ ደማቅ ነጭ ጠብታ፣ ከታች የነጭ ኮሌታዋ ደብዛዛ ነጸብራቅ። ማንጠልጠያ እንኳ የለውም። እኔ ይህን አፍንጫ አራት ጊዜ ገልብጬዋለሁ፤ ስለ ጠርዝ የማውቀውን አብዛኛውን ያስተማረኝ እሱ ነው።

ሁለተኛውን ቅጂ ስትጨርስ እህትህን ጠዋት መስኮት አጠገብ አስቀምጣት፣ ብርሃኑ ከግራህ ይምጣ። ለቆዳዋ የልጅቷን ቀለም አትዋስ፤ ከዚያው ቡናማህ ተነስና ቀይና ቢጫ ጨምርበት፣ ነጩን ግንባሯና የአፍንጫዋ ጫፍ ላይ ብቻ ቆጥበህ አሳርፍ። ሻሿንም እንደለመደችው ትሰር።