ሳይት ፕላን በሬቪትና በአውቶካድ፦ ለላካችሁልኝ ጥያቄዎች መልስ

የሳኒተሪ፣ የኤሌክትሪካልና የሜካኒካል ልጆች በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ነገር ሰሞኑን አንድ ዓይነት ሆነብኝ። ሁሉም ከሳይት ፕላን፣ ማለት ግቢውንና አካባቢውን ከሚያሳየው ድሮዊንግ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ በሬቪት (የሕንፃውን ሞዴል የምንሠራበት ፕሮግራም) እና በአውቶካድ (መስመር የምንስልበት ፕሮግራም) እንዴት እንደሚያዝ ሰብስቤ እዚሁ ልመልስ። ሕንፃው ውስጥ ያለውን ቧንቧና ኬብል አብዛኞቻችሁ በደንብ ትሠሩታላችሁ። ችግሩ የሚጀምረው ከግድግዳው ስንወጣ ነው።

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ የሰርቬየሩን (የመሬት ቀያሹን) ሳይት ፕላን ሬቪት ውስጥ ሳስገባው መስመሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ክቦቹ ማዕዘን ያወጣሉ። ርቀቱ በዝቷል የሚል ማስጠንቀቂያም ይመጣል። ፋይሉ ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። ሰርቬየሩ የሠራው በእውነተኛው ኮኦርዲኔት፣ ማለት ቦታው ካርታ ላይ ባለው ቁጥር ነው። አዲስ አበባ በዩቲኤም የካርታ አከፋፈል ዞን 37 ውስጥ ስለሆነች ኢስቲንጉ (የምሥራቅ ቁጥሩ) 472 ሺህ፣ ኖርዚንጉ (የሰሜን ቁጥሩ) 997 ሺህ ሜትር አካባቢ ይመጣል። ሬቪት ደግሞ ኢንተርናል ኦሪጂን ከሚለው መነሻ ነጥቡ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ካለፈ በኋላ ስሌቱ አስተማማኝ አይሆንም። እናንተ ሥሩ ያላችሁት ወደ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ አውቶካድ ይከፍትና ሳይቱን በሙሉ ጎትቶ ዜሮ ላይ ያስቀምጠዋል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የሰርቬየሩ ልፋት ያለው እዚያ ቁጥር ውስጥ ነው። በኋላ ከመንገድ ሥራው ወይም ከከተማው የፍሳሽ መስመር ጋር እናገናኝ ስትሉ መመለሻ አይኖራችሁም።

ይልቅ አውቶካድ ውስጥ ዙም ኤክስቴንት በሉ። ስክሪኑ ባዶ መስሎ በአንዱ ጥግ አንዲት ነጥብ፣ በሌላው ጥግ ሌላ ነጥብ ከታያችሁ አንደኛዋ ሳይቱ ናት። ሌላኛዋ ዜሮ ላይ ተረስቶ የቀረ ታይትል ብሎክ (የሉሁ ፍሬም) ወይም ቁራጭ መስመር ነው። እሱን አጥፉ። ከዚያ ሬቪት ውስጥ በሴንተር ቱ ሴንተር (መሃል ለመሃል) ሊንክ አድርጉ፣ ማለት ፋይሉን ከሞዴሉ ጋር አያይዙት። ሳይቱን አንቀሳቅሳችሁና አዙራችሁ የሕንፃው ማዕዘን ላይ ካሳረፋችሁት በኋላ አኳየር ኮኦርዲኔትስ (ኮኦርዲኔቱን ውሰድ የሚለው ትእዛዝ) በሉና ሳይቱን ንኩ። ሕንፃው መነሻው አጠገብ ይቀራል፣ እውነተኛውን ኮኦርዲኔትም ያውቃል።

ይህ ግን በደንቡ የአርክቴክቱ ሥራ ነው። እሱ ከሠራው እናንተ የእሱን ሞዴል ኦሪጂን ቱ ኦሪጂን (መነሻ ለመነሻ) ሊንክ አድርጋችሁ ኮኦርዲኔቱን ከእሱ ውሰዱ። በየቢሮው ሁሉም በየራሱ ካስቀመጠው አይገጥምም።

ጥያቄ፦ ሊንክ ካድ ይሻላል ወይስ ኢምፖርት ካድ?

ሊንክ። ሁልጊዜ ሊንክ። ሳይቱ ሲቀየር ሪሎድ ማለት ብቻ ነው የሚቀራችሁ።

ጥያቄ፦ ግቢው 40 ሜትር መሆን ሲገባው 40 ሚሊ ሜትር ሆኖ ገባ።

ሰርቬየሮች በሜትር ይስላሉ፣ እኛ በሚሊ ሜትር። ስታስገቡ ዩኒቱን አውቶ ላይ አትተዉት፤ ሜትር ብላችሁ ራሳችሁ ምረጡ። ከዚያ አንድ የአጥር ጎን ለክታችሁ ካርታው ላይ ከተጻፈው ርዝመት ጋር አስተያዩ።

ጥያቄ፦ በጂፒኤስ የለካሁት ማንሆል (የፍሳሽ መስመር ጉድጓድ) ሳይት ፕላኑ ላይ ሳስቀምጠው ራቅ ብሎ ሌላ ሰው ግቢ ውስጥ ይወድቃል። የቱን ልመን?

ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ እህቴ። የአገራችን ካርታዎች በብዛት አዲንዳን በሚባለው ዳተም (ኮኦርዲኔት የሚቆጠርበት መነሻ) የተሠሩ ናቸው። የእጅ ጂፒኤስና ስልክ ደግሞ ካልቀየርሽው በዓለም አቀፉ፣ ዳብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው ይሰጡሻል። በሁለቱ መካከል 200 ሜትር ገደማ ልዩነት አለ። ስለዚህ ሰርቬየሩን «በየትኛው ዳተም ነው የሠራኸው?» ብለሽ ጠይቂውና መልሱን ድሮዊንጉ ላይ ጻፊው። ዳተሙ አንድ ቢሆንም የስልክ ጂፒኤስ በሜትሮች ስለሚስት ለማንሆል አይሆንም።

ጥያቄ፦ ፕሮጀክቱ ላይ ግራውንድ ፍሎር ዜሮ ነው። ሳይት ፕላኑ ላይ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,341 ምናምን ሜትር ይላል። ለቧንቧ ሥራ ይህ ምን ያደርግልኛል?

ከሁሉም ጥያቄ ይህ ነው የሚያስጨንቀኝ፤ ሰው ወደ ጎን ያለውን ልኬት አስተካክሎ ከፍታውን ይረሳዋል።

አንድ ሥራ ላይ የገጠመኝን ላሳያችሁ። የሕንፃው ዜሮ 2,341.60 ነበር። የፍሳሽ ቧንቧው ከሕንፃው የሚወጣበት ኢንቨርት (የቧንቧው ውስጠኛ ወለል) ከዜሮ 75 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ 2,340.85 ላይ ነው። ከዚያ እስከ ከተማው ማንሆል 48 ሜትር አለ። በአንድ ፐርሰንት ስሎፕ (ቁልቁለት) 48 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ የሚደርሰው 2,340.37 ላይ ነው። የከተማው ማንሆል ኢንቨርት 2,340.10 ስለነበር 27 ሳንቲ ሜትር ተርፎናል። ጥሩ ነው።

በኋላ አርክቴክቱ መግቢያው ላይ ደረጃ ለመቀነስ ሕንፃውን 40 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አደረገው። እኛ ሞዴል ላይ ዜሮ አሁንም ዜሮ ነው የሚለው፣ ስለዚህ ምንም አልታየንም። ስሌቱ ግን ተገልብጧል። ቧንቧው 2,339.97 ላይ ይደርሳል፤ ከማንሆሉ 13 ሳንቲ ሜትር በታች ማለት ነው። ፍሳሽ ሽቅብ አይሄድም። ያወቅነው ቁፋሮው ተጀምሮ ነው። ምድር ቤት ያለውን መስመር እንደገና ሠራነው።

ከዚያ ወዲህ የሌቨሉን ኤሌቬሽን ቤዝ (ከፍታው የሚቆጠርበትን መነሻ) ወደ ሰርቬይ ፖይንት፣ ማለት ወደ ሰርቬየሩ መነሻ፣ እቀይርና አንድ ሴክሽን ሁልጊዜ አዘጋጃለሁ። ግራውንድ ፍሎር ዜሮ ሳይሆን ለምሳሌ 2,341.60 ብሎ ይታየኛል። አርክቴክቱ ሞዴል በላከ ቁጥር መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ልብ በሉ፣ ሳይት ፕላኑ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ማለት መስመሮቹ ሁሉ ዜድ ዜሮ ላይ ከተሳሉ፣ አኳየር ኮኦርዲኔትስ ከፍታውን አያመጣላችሁም። ስፔሲፋይ ኮኦርዲኔትስ አት ፖይንት በሚለው ከፍታውን በእጅ አስገቡ።

ጥያቄ፦ ትሩ ኖርዝ (እውነተኛው ሰሜን) ለእኛ ለምን ያስፈልገናል? እኔ ሉህ ላይ ቀጥ ብሎ እንዲታየኝ ነው የምፈልገው።

ሉሁ ላይ በፕሮጀክት ኖርዝ፣ ማለት ሕንፃው ቀጥ ብሎ እንዲታይ በተመረጠው ሰሜን ሥራ። ግን ትሩ ኖርዝ መሙላት አለበት። የሙቀት ጭነት ስሌቱ ፀሐይ በየትኛው መስኮት እንደምትገባ የሚያውቀው ከእሱ ነው። ጣሪያ ላይ የሶላር ውኃ ማሞቂያ ካለህ ደግሞ እኛ አገር ወደ ደቡብ ነው የሚዞረው። ደቡቡን ከሉህ አታገኘውም።

ጥያቄ፦ ሳይት ፕላኑ ኮምፒውተሬን ያንቀረፍፈዋል።

ኮፒ አድርግና ኮፒው ላይ ኦዲት፣ ፐርጅ፣ ኦቨርኪል በል፤ ስህተቱን፣ ትርፉንና የተደራረበውን መስመር ያጸዱልሃል። ሃቹን (የመሙያ መስመሮቹን) እና የማትፈልገውን ሌየር አጥፋ። አጥር፣ መንገድ፣ ማንሆል፣ የመብራት ምሰሶ፣ የውኃ መስመርና ኮንቱር (የከፍታ መስመር) ከቀሩህ ይበቃሃል። ዋናው ፋይል እንዳለ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ሰርቬየሩ የማንሆሉን ክዳን ከፍታ ብቻ ሰጥቶኛል። ኢንቨርቱን ከየት ላምጣ?

ሄደህ ለካ። ሁለት ሰው ሁኑ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ ትንሽ ይናፈስ። ሜትሩን ከላይ ሆናችሁ ፍሳሹ እስከሚሄድበት ወለል አውርዱትና ከክዳኑ ከፍታ ላይ ቀንሱ። ክዳኑ 2,341.85 ሆኖ ጥልቀቱ 1.75 ከመጣ ኢንቨርቱ 2,340.10 ነው። የመጣው ቧንቧ በየት በኩል ገብቶ በየት እንደሚወጣም ፎቶ አንሱ። ውስጥ ግን እንዳትገቡ። እዚያ ያለው ጋዝ ሰው ይገድላል።