ሳንቃው አፍንጫ ላይ ለሚነሳብህ ወንድሜ፦ ስቱኮውን አስቀምጠው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አነበብኩት፣ ፎቶህንም አየሁት። የመርከብ ጀልባ ሞዴል በ1፡48 ልኬት እየሠራህ ነው። ከታች ጀምረህ አራት ሳንቃ ከለጠፍክ በኋላ አፍንጫዋ (የፊት ጫፏ) ላይ ሳንቃዎቹ መነባበርና ጠርዛቸው መነሳት ጀመረ፤ ከኋላ ደግሞ ክፍተት መጣ። «በስቱኮ ልሙላውና በብርጭቆ ወረቀት ላስተካክለው ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል።

በፍጹም አትሙላው። አንዳንዶች «ሙላው፣ ቀለም ይሸፍነዋል» ብለው መልሰውልሃል። እነሱ የሚያወሩት ስለ ትልቅ መርከብ ሞዴል ነው። መርከብ ላይ ውስጡን የላይኛው ወለል ይደብቀዋል። ብዙ ጊዜም በመጀመሪያው ሳንቃ ላይ ሁለተኛ ስስ ሽፋን ይለጠፋል። ስለዚህ ስር ያለው ቢጎረብጥ ማንም አያይም። ጀልባ ግን ክፍት ናት። መቀመጫው፣ ጎድኖቹ (ሳንቃው የሚለጠፍባቸው አግዳሚ አጥንቶች)፣ የሳንቃው ጀርባ ሁሉ ይታያል። ከውጭ የሞላኸው ስቱኮ ከውስጥ በየመገጣጠሚያው እየወጣ ይደርቃል። የሳንቃህ ውፍረት ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የተነሳውን ጠርዝ ልታስተካክል ስትፈገፍግ እንጨቱን ጨርሰህ ቀዳዳ ታወጣለህ።

አሁን የምነግርህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ሙሉ ኪት (በሳጥን የሚሸጥ የሞዴል መሥሪያ ዕቃ) ባልጣልኩ ነበር።

1. የለጠፍከውን አንሳው። ነጭ የእንጨት ኮላ ከሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በቀጭን ብሩሽ መገጣጠሚያው ላይ ቀባ አድርገህ ጠብቅ። ከዚያ ስስ ምላጭ ቀስ ብለህ አስገባ። ሱፐር ግሉ ከሆነ አሴቶን ያስፈልግሃል። መስኮት ክፈት፣ እሳት አታስጠጋ። የኪሉንና (ከታች ከፊት እስከ ኋላ የሚሄደው የጀልባዋ ዋና አከርካሪ) የጎድኖቹን መጋጠሚያ አታርስ፣ አለዚያ አጥንቷ ሁሉ ይፈታብሃል።

2. ጎድኖቹን እንደገና ፈትሽ። አንድ ቀጭን ሳንቃ ሳትለጥፍ ከአፍንጫ እስከ ኋላ ጎድኖቹ ላይ አጋድም። የእያንዳንዱን ጎድን ሙሉ ፊት መንካት አለበት። አፍንጫው አካባቢ ያሉት ጎድኖች ከኪቱ ሲወጡ ጠርዛቸው ቀጥ ያለ ነው። ሳንቃው ግን ወደ ውስጥ እየታጠፈ ስለሚሄድ የፊተኛው ጠርዛቸው እየተሞረደ ሰያፍ መሆን አለበት። ወደ ኋላ ላሉት ደግሞ የኋለኛው ጠርዝ። ሳንቃው በአንድ ጠርዝ ብቻ ከተደገፈ ኮላው የሚይዘው ነገር የለም። በሌዘር የተቆረጠ ኪት ከሆነ የተቃጠለውን ጥቁር ጠርዝም አንሳው፣ ኮላ በደንብ አይዝበትም።

3. የሳንቃውን ስፋት አስላ። ጉዳዩ ሁሉ እዚህ ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብዬ ልሂድ።

የመጀመሪያ ኪቴ መመሪያ ወረቀት «ሁሉንም ሳንቃ በሙሉ ስፋቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለጥፍ፤ የተደራረበውን ቁረጥ፤ ክፍተቱን በስንጣሪ ሙላ» ይላል። ወረቀቱ ያለውን አደረግኩ። የወጣው ልክ ያንተ ፎቶ ላይ ያለው ነው። ለሸጠልኝ ድርጅት ጻፍኩ። በነጻ ስጡኝ አላልኩም፣ ሳንቃ ለብቻው እንዲሸጡልኝ ነው የጠየቅኩት። «ሞዴሉ ልምድ ላላቸው ሰዎች ነው» የሚል አንድ መስመር መለሱልኝ። ሳጥኑ ላይ በትልቁ «ለጀማሪዎች» ተብሎ ተጽፏል! የሳጥኑን ፎቶ አያይዤ ደግሜ ጻፍኩ። ዝም። እስካሁን ያናድደኛል። ያንን ወረቀት አምነው ስንቶች ይህን ሥራ «እኔ አልችልም» ብለው እንደተዉት ሳስብ ደግሞ ይብስብኛል።

ወረቀቱ የሚደብቀው ሒሳብ ይኸውልህ። የእኔን ጀልባ ቁጥር ልውሰድ። መሃል ያለው ጎድን ከኪሉ እስከ ላይኛው ጠርዝ ዙሪያው 36 ሚሊ ሜትር ነው። አፍንጫው አጠገብ ያለው 24 ብቻ። ሳንቃው 5 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። በአንድ ጎን ስምንት ሳንቃ ብትለጥፍ 40 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አፍንጫው ላይ ያለው ቦታ ግን 24 ነው። 16 ሚሊ ሜትር እንጨት የት ይግባ? መሄጃ ሲያጣ ይነባበራል፣ ይነሳል። ያንተም ችግር ይኸው ነው እንጂ የእጅህ ጉድለት አይደለም።

የበርሜልን ሳንቃዎች አይተህ ታውቃለህ? መሃላቸው ሰፊ፣ ጫፋቸው ጠባብ ነው። የጀልባም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ገና አንድም ሳንቃ ሳትለጥፍ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ በእያንዳንዱ ጎድን ዙሪያ ጠምጥመህ ርዝመቱን ምልክት አድርግ። ርዝመቱን በሳንቃዎቹ ቁጥር አካፍል። የእኔ መሃል ላይ 4.5 ሚሊ ሜትር፣ አፍንጫ ላይ 3 ወጣ። ምልክቶቹን በሹል እርሳስ ወደ ጎድኖቹ መልሳቸው። ሁለቱንም ጎን ከአንድ ወረቀት ምልክት አድርግ፣ ግራና ቀኙ እኩል የሚሆነው ያኔ ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ሳንቃ በምልክቱ ልክ በምላጭና በትንሽ መላጊያ አጥብበው። ጫፉ ከሙሉ ስፋቱ ግማሽ በታች እንዲወርድ አትፍቀድ። ከወረደ ሁለቱን ሳንቃ አፍንጫው ላይ ወደ አንድ የምታመጣበት ሌላ ዘዴ አለ፣ ለዚህች ጀልባ ግን አያስፈልግህም።

ያ መመሪያ ወረቀት ያልነገረኝ ሌላም ነገር አለ፤ ከኪሉ ጋር የሚገጥመው የመጀመሪያው ሳንቃ። አፍንጫው ላይ ወደ ላይ ሊወጣ ይፈልጋል። አትፍቀድለት። ዝቅ ብሎ፣ ኪሉ ወደ ላይ መታጠፍ ሲጀምር እዚያው ማለቅ አለበት። እሱ ከወጣ ከላይ ያሉት ሁሉ ቦታ ያጣሉ። ፎቶህ ላይ የመጀመሪያው ሳንቃህ እስከ ግማሽ ወጥቷል። እሱን ካላነሳኸው የላይኞቹን ብታጠብም አይስተካከልም። ቀጥሎ ከላይ በኩል ያለውን የጠርዝ ሳንቃ ለጥፍና ከሁለቱም ወገን ወደ መሃል ና።

ማጠፉን ደግሞ ብዙ ሰው በውሃ ብቻ ይመስለዋል። እንጨትን የሚያለሰልሰው ሙቀት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ ያደረ ሳንቃ ያብጣል። ከተለጠፈ በኋላ ሲደርቅ ይሸሻል፣ ክፍተቱም ይመጣል። እኔ ጥቂት ደቂቃ ብቻ እነክረዋለሁ። ከዚያ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ በጎኑ ትንሽ አጎብጬ በመቆንጠጫ እይዘውና በፀጉር ማድረቂያ አሞቀዋለሁ። ሲቀዘቅዝ ቅርጹን ይይዛል። ይህ የጎን ጉብጠት ቀላል አይምሰልህ። ሳንቃ በጎኑ መታጠፍ አይወድም። ደረቁን በግድ ካጎበጥከው አንዱ ጠርዙ ይነሳል። ያንተ የተነሱት ጠርዞች ግማሹ ከዚህ ነው የመጡት።

ቀድመህ ያጎበጥከው ሳንቃ ጎድኑ ላይ ስታስቀምጠው ራሱ ይተኛል። በጣት ጫፍ ብትይዘው ይበቃዋል። በሞርሳ አስጨንቀህ ካልያዝከው የማይቀመጥ ከሆነ አትለጥፈው፣ መልሰህ አሙቀው።

ኮላው ነጭ የእንጨት ኮላ ይሁን። ሱፐር ግሉ እንጨቱ ውስጥ ይሰርግና ቫርኒሽ ስትቀባ ያ ቦታ ቫርኒሽ አይመጥም፣ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ክፍት ጀልባ ላይ ደግሞ ይህ በግልጽ ያስጠላል። የእንጨት ብናኝ፣ በተለይ ዎልነት የሚባለው እንጨት ብናኝ፣ ለሳንባ ጥሩ ስላልሆነ ጭምብል አድርግ።

የአንዳንድ ጀልባ ሳንቃ እርስ በርስ እየተደራረበ የሚሠራ ነው። የላይኛው ጠርዝ የታችኛውን ይጋልበዋል። ያንተ ኪት ጠርዝ ለጠርዝ የሚገጥም ስለሆነ ያንን የሚነግሩህን አትስማ፣ አሠራሩ ሌላ ነው።

ሁለተኛዋ ጀልባዬ ይህንን ሁሉ ተከትላ ነው የተሠራችው። ኪቱ የሰጠኝን ተሰባሪ እንጨት ትቼ በፒር እንጨት ሠራኋት። ከውጭም ከውስጥም ጠብታ ስቱኮ የለባትም፤ ቀለምም አልቀባኋትም። መገጣጠሚያው እንዲታይ ነው የፈለግኩት። ሰው አገላብጦ ሲያያት «ሳንቃዎቹ ሁሉ ወደ አፍንጫው እየቀጠኑ እንዴት እኩል ደረሱ?» ይለኛል። እኔም ያንን የወረቀት ቁራጭ አሳየዋለሁ። እስካሁን ሳጥኑ ውስጥ አለ፣ ምልክቶቹ አልጠፉም።

አሮጌዎቹን ሳንቃዎች አንስተህ ጎድኖቹን ስትሞርድ ከአፍንጫዋ ፊት ለፊትና ከታች ሁለት ፎቶ ላክልኝ። የመሃሉንና የመጀመሪያውን ጎድን ዙሪያም ለክተህ ጻፍልኝ። የመጀመሪያውን ሳንቃ ከመለጠፍህ በፊት ሒሳቡን አብረን እናየዋለን።